ነፋስ የሚያቃጭለው፣ ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ጥበብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዱ የልጅ መጫወቻ፣ ለሌላው ደግሞ የባለጸጋ ቤት ጌጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ነፋስ ሲነካው የሚዞር፣ ውሃ ሲሞላው የሚያዘነብል፣ ሲንቀሳቀስም ለጆሮ የሚጥም የቃጭል ድምፅ የሚያሰማ የእጅ ሥራ ነው። የዘመኑ ሠዓሊያንና ቀራጺዎች «ተንቀሳቃሽ ቅርፃ ቅርፅ» ይሉታል። በስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ደጃፍ ተንጠልጥሎ የምናየው ባለ ቱቦ ቃጭልም የዚሁ ዘር ነው።

ጉዳዩን ያነሳንባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ይህ ጥበብ በእስልምናው ዓለም ረጅምና የሚያኮራ ታሪክ ያለው ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ወጣቶቻችን የማያውቁት በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በምዕራብ ሸዋ በአምቦ ከተማ፣ በአንድ የቁርኣን ማስተማሪያ ግቢ ውስጥ ልጆች ይህንኑ ሠርተው ክርክር አስነስቶ ነበር። ክርክሩን ቀረብ ብለን ስናየው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። በቅድሚያ ታሪኩን እንይ።

የባግዳዱ የብር ዛፍ

እ.ኤ.አ. በ807 የዓባሲያው ኸሊፋ የሃሩን አር-ረሺድ መልእክተኞች ለፍራንኮች ንጉሥ ለሻርልማኝ ስጦታ ይዘው ሄዱ። ከስጦታዎቹ መካከል ከናስ የተሠራ የውሃ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ትንንሽ የነሐስ ኳሶች ከሥራቸው በተቀመጠ ጸናጽል ላይ እየወደቁ ያቃጭላሉ፤ አሥራ ሁለት ፈረሰኞችም ከአሥራ ሁለት መስኮቶች ብቅ ይላሉ። ይህን ጽፈው ያቆዩልን የእኛ ሰዎች ሳይሆኑ የፍራንኮቹ የራሳቸው ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ናቸው። ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ በአድናቆት መዝግበውታል።

ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ፣ በዚያው በባግዳድ በኑ ሙሳ በመባል የሚታወቁት ሦስት ወንድማማቾች ሙሐመድ፣ አሕመድና ሐሰን ስለ ረቂቅ መሣሪያዎች አንድ መጽሐፍ ጻፉ። በውስጡ አንድ መቶ ያህል መሣሪያዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም ውስጥ የሚረጩትን ውሃ መልክ በየጊዜው የሚለዋውጡ ፏፏቴዎች አሉበት።

እ.ኤ.አ. በ917 ደግሞ የቢዛንታይን መልእክተኞች ወደ ኸሊፋ አል-ሙቅተዲር ዘንድ በመጡ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ አንድ የብር ዛፍ እንዲያዩ ተደረገ። የታሪክ ጸሐፊው አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ እንደሚተርከው ዛፉ በኩሬ መካከል የቆመና አሥራ ስምንት ቅርንጫፎች ያሉት ነበር፤ በቅርንጫፎቹም ላይ የወርቅና የብር ወፎች ሰፍረውበታል። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሎቹ ይወዛወዛሉ፤ ወፎቹም ያፏጫሉ።

በእንግሊዝ አገር በበርንሊ ከተማ አጠገብ ከሚገኝ ኮረብታ ላይ፣ ነፋስ ሲገባባቸው ከሚያዜሙ የብረት ቱቦዎች የተሠራ ዛፍ መሰል ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2006 ቆሟል። ብዙ ጎብኚም አለው። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደርም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነፋስ የሚያወዛውዛቸውን ተንጠልጣይ ሥራዎች ሲያሳይ ዓለም እንደ አዲስ ነገር ተቀብሎታል። እኛ ግን የእንግሊዙ ዛፍ ከመቆሙ ከአንድ ሺህ ዓመታት በፊት ባግዳድ ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ መኖሩን ለልጆቻችን ነግረናቸው እናውቃለን?

ከቤተ መንግሥት ወደ መስጊድ ደጃፍ

የብሩ ዛፍ የንጉሥ መመኪያ ነበር። ድሃው አያየውም፤ ለሕዝቡም የሚሰጠው ጥቅም የለም። ጥበቡ ወደ ሕዝብ የወጣው በደማስቆ ነው ማለት ይቻላል። በኑረዲን ማሕሙድ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1146 እስከ 1174 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሙሐመድ አስ-ሳዓቲ የተባለ ባለሙያ በታላቁ የኡመያ መስጊድ ምሥራቃዊ በር፣ በጀይሩን በር፣ አንድ ትልቅ የውሃ ሰዓት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1184 ከአንዳሉስ የመጣው መንገደኛ ኢብኑ ጁበይር ይህን ሰዓት በዓይኑ አይቶ ጽፎለታል። ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት የናስ ጭልፊቶች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከአፋቸው ኳስ ወደ ናስ ጣሳዎች ይጥላሉ፤ የኳሱም ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም ኳሶቹ በግድግዳው ውስጥ አልፈው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሌሊት ደግሞ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላ በሚበራ መብራት ሰዓቱን መለየት ይቻል ነበር። የባለሙያው ልጅ ሪድዋን ሰዓቱን አድሶ እ.ኤ.አ. በ1203 አሠራሩን በመጽሐፍ አስፍሮታል።

በሞሮኮም በፌዝ ከተማ፣ ከቡ ዒናኒያ መድረሳ ፊት ለፊት፣ አሥራ ሁለት መስኮቶችና የናስ ሳህኖች የነበሩት የውሃ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1357 ተሠርቷል። የሰዓቱ ሥልት በዘመናት ብዛት ቢጠፋም ቤቱ ግን ለታሪክ ቆይቷል። መድረሳውና ሰዓቱ ፊት ለፊት መሠራታቸውን ልብ እንበል። ያኔ የዲን ትምህርትና የእጅ ጥበብ ተራርቀው የሚኖሩ ባዕዳን አልነበሩም። ሶላት በወቅቱ የተደነገገ ነውና ወቅትን መለካት ራሱ የዲን አገልግሎት ነበር።

የአል-ጀዘሪ ዝሆን

የዚህ ጥበብ ቁንጮ ኢስማዒል አል-ጀዘሪ ነው። ዛሬ በቱርክ በምትገኘው በዲያርባኪር የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት አገልጋይ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1206 ያጠናቀቀው መጽሐፉ ሃምሳ መሣሪያዎችን ከነልካቸውና ከነሥዕላቸው ይዟል። ኢንጂነሩ ዶናልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ከመሣሪያዎቹ አንዱ የሆነው ትልቁ «የግንብ ሰዓት» በመጽሐፉ መሠረት እንደገና ተሠርቶ ለሕዝብ ታይቷል። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈን ተከትሎ መሥራት መቻሉ የጸሐፊውን ጥንቃቄ ይመሰክራል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የዝሆኑ ሰዓት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ የውሃ ጋን አለ። በውሃው ላይ ሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይንሳፈፋል። ውሃ በቀዳዳው ቀስ እያለ ይገባና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳህኑ ይሰምጣል። ሲሰምጥ የታሰረበትን ገመድ ይስባል፤ ገመዱም ከላይ ያለችውን ኳስ ይለቃል። ኳሷ ከጭልፊት አፍ ወደ ዘንዶ አፍ ትወድቃለች፤ ዘንዶው በክብደቷ ያዘነብልና የሰመጠውን ሳህን መልሶ ያነሳዋል። ዝሆን ነጂው ይመታል፤ ከላይ ያለችው ወፍ ትዞራለች፤ ጸናጽሉም ያቃጭላል። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ዝሆኑ ከሕንድ፣ ዘንዶዎቹ ከቻይና፣ የውሃው ስሌት ከግሪክ የተወሰደ በመሆኑ ሥራው ሙስሊሞች ከሌላው ሕዝብ ዕውቀት ለመቅሰም እንዳላፈሩ ያሳያል። የዚህ ሰዓት አምሳያ በዱባይ በኢብን በጡጣ የገበያ አዳራሽ ቆሞ ይታያል።

በአምቦ የሆነው

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሁሉቃ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ውሃዋ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላው አገሪቱ ይጠጣል። ስለዚህ በአምቦ ልጅ እጅ ቆርኪ አይጠፋም። ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ከብት የሚነዳ ገበሬም በላሙ አንገት ቃጭል ያስራል፤ በኦሮምኛ ቢልቢላ ይሉታል። ላሟ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብትገባ እረኛው በድምፁ ያገኛታል። የሚንቀሳቀስና የሚያቃጭል ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በአንድ የክረምት ወቅት፣ ከላይ በጠቀስነው የቁርኣን ማስተማሪያ፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከሕንፃ ሥራ የተረፉ የብረት ቱቦ ቁራጮችን፣ ቆርኪዎችንና የዘይት ቆርቆሮ ሰበሰበ። ልጁ ሒፍዝ አልገፋለት ብሎ የተቸገረ ነበር። እኩዮቹ ጁዝእ ሲያገባድዱ እርሱ ገና ከአጫጭር ሱራዎች ጋር ይታገላል። አባቱም «ጊዜ ከሚያባክን ጋራዥ ይግባ» ብለው ሊያስወጡት ወስነው ነበር። እጁ ግን ሥራ ያውቃል። ቱቦዎቹን በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በሲባጎ አንጠልጥሎ፣ በመካከላቸው መቺ አድርጎ፣ ከሥር ነፋስ የሚይዝ ቆርቆሮ ሰቀለ። ከላይም ከቆርቆሮ የተቆረጠች ክንፏ የሚዞር ወፍ አኖረበት። ሠርቶ ሲጨርስ በደስታ ከመስገጃው በረንዳ ላይ ሰቀለው።

ለዐሥር ሶላት ሲገባ ነፋስ ተነሳና ማቃጨል ጀመረ። ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ኡስታዙን አስጠሩ።

«ኡስታዝ፣ ይህ ደወል ከመስገጃችን ደጃፍ ምን ይሠራል?»

«አባባ፣ ደወል ብሎ የሰቀለው የለም። ልጆቹ የሠሩት ነው።»

«መጫወቻ ከሆነ ወፏ ምን ትሠራለች? ነገ ሩሕ ስጣት ሲባል ማን ሊሰጣት ነው?»

ኡስታዙ ዝም አሉ። የሽማግሌው ቃል ከባዶ የመጣ አልነበረምና። ነገሩ በዚያው ምሽት ወረደ። ልጁም በማግሥቱ ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። አባቱ «ድሮስ አላልኩም?» አሉ።

በአራተኛው ቀን ኢማሙ ሽማግሌውን፣ አባትየውንና ልጁን በአንድ ላይ አስቀመጧቸው። ልጁን አልተቆጡትም፤ ይልቁንም እንዴት እንደሠራው እንዲነግራቸው ጠየቁት። ልጁም አጭሩ ቱቦ ለምን ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሲባጎው ከጫፍ ሳይሆን ትንሽ ወረድ ብሎ ሲታሰር ድምፁ ለምን እንደሚረዝም ሞክሮ ያገኘውን አስረዳ። ኢማሙ ሲፈርዱ ወፏ ትነሳ፣ በምትኳ የዛፍ ቅጠል ይደረግ፤ ከመስገጃው ርቆ በልጆቹ ግቢ በስተጀርባ ይሰቀል፤ በሶላት ሰዓት መቺው ይታሰር አሉ። ሽማግሌውም «ቅጠሉ ይሻላል» ብለው ተስማሙ። ለአባትየው ግን ኢማሙ «ይህን ልጅ ከመድረሳ ካስወጡት ሁለት ነገር ያጣል፤ እኛም አንድ ሰው እናጣለን» አሏቸው። ልጁ ተመለሰ። ሒፍዙ ዛሬም ቀስ ይላል፤ ሆኖም አላቋረጠም።

ዑለማው ምን ይላሉ?

ሽማግሌው ያነሷቸው ሁለት ነጥቦች ቀላል ስላልሆኑ ለየብቻ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው የምስል ጉዳይ ነው። ነፍስ ያለውን ፍጡር ሙሉ ቅርፅ መሥራት በሐዲሥ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን አብዛኞቹ ዑለማ ይናገራሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ሥራ የሚተዳደርን ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መምከራቸው በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። በሌላ በኩል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው አሻንጉሊቶች እንደነበሯቸው፣ ከእነዚያም መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሱ ጠይቀዋቸው በመልሳቸው እንደሳቁ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ብዙ ዑለማ ከዚህ ተነስተው የልጆችን መጫወቻ ለይተው ያዩታል። እንግዲህ «አል-ጀዘሪ ዝሆንና ወፍ ሠርቷልና ይፈቀዳል» ማለት አይቻልም፤ የሱልጣን ቤት ሥራ ለሸሪዓ ማስረጃ አይሆንም። ከአል-ጀዘሪ የምንወስደው ስሌቱንና ትጋቱን ነው። ቅጠል፣ ጨረቃ፣ ኮከብና የጂኦሜትሪ ቅርፆች ደግሞ ለአንድ ብልህ እጅ በቂ ሜዳ ናቸው።

ሁለተኛው የደወል ጉዳይ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ መላእክት ደወል ካለበት ጉዞ ጋር እንደማይሄዱ ተገልጿል። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ሲያብራሩ ነገሩ የተጠላ እንጂ ሐራም እንዳልሆነ ያስረዳሉ፤ ከቀደምት የሻም ዑለማ ውስጥ ትልቁን ደወል ጠልተው ትንሹን የተዉ መኖራቸውንም ይጠቅሳሉ። ለሶላት መጥሪያ ምን ይሁን ተብሎ በመዲና በተመከረ ጊዜም ደወልና ቀንደ መለከት ተነስተው ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው የሰው ድምፅ ሆነ፤ ያም ድምፅ የሐበሻው የቢላል (ረ.ዐ.) ነበር። ስለዚህ ቃጭል በመስጊድ ደጃፍ ተሰቅሎ የጥሪን ቦታ መያዝ የለበትም፤ የሰጋጁንም ኹሹዕ ማወክ አይገባም። የሙዚቃ መሣሪያን ብይን በተመለከተም በዑለማ ዘንድ ሰፊ ንግግር አለ። ነፋስ የሚነካው ቱቦ በዚያ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ መምህራን እንጂ ሙፍቲዎች አይደለንም።

በቤት ውስጥ የሚሞከር

ከቤተሰቡ ጋር ሊሞክረው ለሚፈልግ ወጣት ሁለት ሥራዎችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የአል-ጀዘሪን ስሌት ማየት ነው። ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወስዳችሁ ሥሩን በቀጭን ምስማር ብሱት። በባልዲ ውሃ ላይ አንሳፉትና እስኪሰምጥ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለኩ። ቀዳዳውን በትንሹ ብታሰፉት ቶሎ ይሰምጣል፤ በሰም ብታጠቡት ይዘገያል። ደጋግማችሁ ሞክሩና አምስት ደቂቃ ላይ አድርሱት። ከዚያ ጣሳውን በክር አስራችሁ፣ ሲሰምጥ ክሩ ከጠርዝ ላይ ያለች ብይ ገፍቶ በሳህን ላይ እንዲጥል አድርጉ። የዝሆኑ ሰዓት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የነፋስ ቃጭል ነው። ከብየዳ ቤት፣ በጊንጪም ይሁን በጉደር፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የቱቦ ቁራጭ ይገኛል። አምስት ቱቦዎችን በ40፣ በ37.7፣ በ35.8፣ በ32.7 እና በ31 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ። እያንዳንዱን ከላይኛው ጫፍ ከርዝመቱ 22 ከመቶ ገደማ ወረድ ብላችሁ ብሱት፤ ለምሳሌ የ40ው ቱቦ ቀዳዳ ከጫፉ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ቱቦ ሲመታ መላ አካሉ ይርገበገባል፤ በዚያች ነጥብ ላይ ግን አይንቀሳቀስም። ክሩ እዚያ ሲታሰር ድምፁን አያፍነውም። መቺው ደግሞ የቱቦውን መካከል ይንካ።

ርዝመትና ድምፅ ያላቸውን ዝምድናም እዩ። ቱቦው በግማሽ ሲያጥር የእርግብግቢቱ ፍጥነት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። አምስቱ ልኮች የተመረጡትም ነፋስ የትኛውንም ሁለት አብሮ ቢነካ እንዳይጣሉ ነው። በባለ አምስት ድምፅ ዜማ ያደገ የሐበሻ ጆሮ ይህን ቶሎ ያውቀዋል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካሬ ሥርን በሰሌዳ ላይ ከሚያየው ይልቅ እንዲህ በእጁ ቢነካው አይረሳውም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ስለ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ሲነግረን ተራሮችና ወፎች ከእርሳቸው ጋር ማወደሳቸውንና ብረት ለእጃቸው መግራቱን ጎን ለጎን ያነሳል። ምስጋናና የእጅ ሥራ በአንድ ነቢይ ሕይወት ተገናኝተዋል። በሱረቱል ኢስራእም ከፍጥረት አላህን የማያወድስ እንደሌለ፣ እኛ ግን ማወደሳቸውን እንደማንረዳ ተነግሮናል።

በቤታችን ያለው ልጅ ሁሉ በአንድ መንገድ አይማርም።  ሽማግሌው የዲንን ወሰን በማስታወሳቸው ትክክል ነበሩ፤ ኢማሙም ወሰኑን ጠብቀው ልጁን ባለማባረራቸው ትክክል ነበሩ። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ስህተትን የሚያርም አንደበት ልጁን ከበር እንዳያስወጣ ግን እንጠንቀቅ። ልጅ አንድ ነገር ሠርቶ ሲያመጣ አስቀድመን «እንዴት ሠራኸው?» ብለን እንጠይቀው። የሚታረመው ከዚያ በኋላ በእርጋታ ይታረማል።

አላህ ልጆቻችንን በዲናቸው የጸኑ፣ በእጃቸውም ለሰው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።